"የጉዱ ካሳ መጽሐፍ አላችሁ?" ለሚል አንባቢ ካታሎጋችን ምን ይመልስ?

የሐይቅ ዳሯ (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ጓደኞቼ። የምሠራው ሐዋሳ ነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ። ከሰዓት በኋላ ለሰፈሩ ሰውም ክፍት ነን። የድሮውን ካርድ ኮሃ ወደሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር ማስገባት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ዛሬ የምጽፈው አንድ ነገር ሰላም ስለነሳኝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ አባት መጡ። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቀስ ብለው ጠረጴዛችን ጋ ደረሱ። "ልጄ፣ የጉዱ ካሳ መጽሐፍ አላችሁ?" አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የልጅ ልጃቸው እያነበበች ልታሰማቸው ነው። ታሪኩን የሚያውቁት በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሥራ አቁመው ይሰሙ እንደነበር ነገሩን። ጉዱ ካሳን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ በዛብህን የሚያነሷቸው እንደ ጎረቤት ሰው ነው። ርዕሱ ግን ጠፋባቸው።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ኮሃ ላይ "ጉዱ ካሳ" ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። "የለንም አባባ" ልትላቸው ስትል ደረስኩ። ፍቅር እስከ መቃብር እኮ ከጀርባዋ ነው ያለው፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ አራት ቅጂ። አንዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። አቧራ አልነበረውም።

ያን ቀን እኔ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። በዚያ እግራቸው። ይኼ ነው የሚቆጨኝ።

ከዚያ ወዲህ የገጸ ባሕርያትን ስም የት የት እንዳስገባን እየፈተሽኩ ነው። ያገኘሁት ነገር ደስ አይልም። ጉዱ ካሳ ጭራሽ የለም። በዛብህ "ቦጋለ፣ በዛብህ" ተብሎ ገብቷል፤ የመጀመሪያዎቹን ሪከርዶች የሞላልን ሰው እንደ ፈረንጅ ስም ገልብጦታል። ሰብለ ወንጌል አንድ ቦታ ተያይዛ፣ ሌላ ቦታ ተለያይታ ተጽፋለች። የኦሮማይ ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም ደግሞ አንዴ በ"ጸ"፣ አንዴ በ"ፀ" ነው። በአንዱ ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም።

የልጆቹ ክፍልም የራሱ ጣጣ አለው። በስጦታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉን። ሽፋናቸው ላይ በደራሲ ቦታ የተጻፈው "ጀሮኒሞ ስቲልተን" ነው። ጀሮኒሞ ስቲልተን ግን መነጽር ያደረገ፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ አይጥ ነው። አይጥ ደራሲ ሆኖ ይመዝገብ? የ5ኛ ክፍል ልጆች የሚጠይቁኝ በዚሁ ስም ነው። ሌላ ስም አያውቁም።

ዐፄ ቴዎድሮስስ? ልብ ወለድ ውስጥ ሲገቡ ሰው ናቸው ወይስ ገጸ ባሕርይ?

ደንቡን የምታውቁ ንገሩኝ። እናንተ ጋ በተግባር የምታደርጉትንም ንገሩኝ፤ ሁለቱ አንዳንዴ ይለያያል።

ከአዳማ

እህቴ፣ እኛ አዳማ ላይ ብዙ አንጨነቅም። የዋና ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ስም በማርክ (ካታሎግ በሚሞላበት ቅርጽ) 520 በሚባለው መስክ ላይ፣ አጭር መግለጫው ውስጥ እናስገባለን። "በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ የሚገኙበት..." ብለሽ ብትጽፊ አባባ የጠየቁት በቁልፍ ቃል ፍለጋ ይወጣል። አንድ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰው ለሌለው ላይብረሪ ይኼ ይበቃል ባይ ነኝ።

አንድ ጥያቄ እኔም ልጨምር። በበዓሉ ግርማ "ደራሲው" ልብ ወለድ ላይ ሲራክ የተቀረጸው በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ታዲያ ስብሐትን ርዕሰ ጉዳይ ላይ ላስገባው? አንድ ተማሪ አስገባው ብሎ ሞግቶኛል።

የካርድ ዘመን

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ካታሎግ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፣ አብዛኛውን በካርድ። ረዘም አድርጌ ብመልስ ቅር አይበልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። ካታሎግ ውስጥ ስም ሁለት ሥራ አለው። ወይ "ይህን ማን ሠራው?" ለሚለው ይመልሳል፣ ወይ "ይህ ስለ ማን ነው?" ለሚለው። በዛብህ መጽሐፍ አልጻፈም። ስለዚህ በደራሲው መስክ፣ 100 ላይ፣ ቦታ የለውም፤ ቦታው "ስለ ማን" የሚለው መስክ፣ 600 ነው። የሚበዛው ችግርሽ በዚህች ብቻ ይፈታል።

አይጡ ግን ሁለቱንም ጥያቄ ይነካል። ለዚህም ነው ደንቡ ራሱ ሲያመነታ የኖረው። እኛ የተማርነው በ1978 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣውን የአንግሎ አሜሪካ ደንብ ሁለተኛ እትም ነበር። በዚያ ደንብ ያልነበረ ፍጡር ደራሲ አይሆንም። ከጀርባው ያለውን ሰው ፈልገሽ በእሱ ስም ታስገቢያለሽ፤ ካልታወቀ በርዕሱ። በ2010 አርዲኤ የሚባለው አዲሱ የካታሎግ ደንብ መጣና ነገሩን ገለበጠው። መጽሐፉ ላይ ደራሲ ነኝ ብሎ የቀረበ ልብ ወለዳዊ ፍጡር፣ እንስሳም ቢሆን፣ በደራሲ ቦታ ይግባ አለ። የአሜሪካው ኮንግረስ ላይብረሪ ይህን ከማርች 31 ቀን 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው። ከዚያ በ2017 ዓለም አቀፉ የላይብረሪዎች ማኅበር ኢፍላ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ሰው ማለት በእርግጥ የኖረ፣ ወይም ኖሯል ተብሎ የሚታመን ሰው ብቻ ነው አለ። አርዲኤም ያንን ተከተለ። አሁን አይጡ ራሱ ደራሲ አይደለም። ስሙ ግን አንድ እውነተኛ ሰው የተጠቀመበት ስም ነው፤ ልክ እንደ ብዕር ስም።

እንዲህ ሲታይ ላንቺም ቀላል ነው። ጀሮኒሞ ስቲልተንን የፈጠረችው ጣሊያናዊቷ ኤሊዛቤታ ዳሚ ናት። 100 ላይ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ተዪው፣ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነውና። ኦቶሪቲው (የአንድ ስም ልዩ ልዩ አጻጻፎች የሚያያዙበት ሪከርድ) ላይ ከዳሚ ጋር አገናኚው። ታሪኩም ስለ አይጡ ስለሆነ 600 ላይ ደግመሽ፣ በቅንፍ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ መሆኑን ጽፈሽ አስገቢው። ያ ቅንፍ እንዳይቀርብሽ። በዛብህ ቦጋለ የሚባል ሰው ነገ የግብርና መጽሐፍ ሊያሳትም ይችላል። ያኔ ሁለቱ እንዳይደባለቁ የሚያደርገው ቅንፉ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። "ቦጋለ፣ በዛብህ"። ቦጋለ የልጁ አባት ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም! ሼርሎክ ሆምስ "ሆምስ፣ ሼርሎክ" ተብሎ የሚገለበጠው ሆምስ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። የኛ ሰው በገዛ ስሙ ነው የሚጠራው፣ በገዛ ስሙ ነው የሚፈለግ። ውጭ አገር ያሉት ትልልቆቹ ላይብረሪዎች እንኳን ሐዲስ ዓለማየሁን የሚያስገቡት በ"ሐ" ነው፣ ከ"ሐዲስ" ጀምረው። እኛ ታዲያ በዛብህን በአባቱ ስም ስንደብቀው ያሳዝናል። ማርክ ላይ የ600ን የመጀመሪያ አመልካች (ከመስኩ ቁጥር ቀጥላ የምትመጣውን አሃዝ) 0 አድርጊው። 0 ማለት ስሙ ከራሱ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 1 ደግሞ ከቤተሰብ ስም። ነጠላ ሰረዙን አጥፊው። የገጸ ባሕርይ ስምም እንደ ሰው ስም ነው የሚያዘው፣ ያገሩን ልማድ ይከተላል። የርዕሰ ጉዳዩን ስም ከውጭ ዝርዝር ሳይሆን ራስሽ ስለምታወጪው ሁለተኛውን አመልካች 4 ብትይው ይሻላል።

ጉዱ ካሳን በተመለከተ አንድ ነገር ላጫውትሽ። በካርድ ጊዜ እያንዳንዱ ተጨማሪ መግቢያ አንድ ካርድ ነው። 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር። ከታች መሐሉ ላይ የተበሳ፣ የመሳቢያው ዘንግ በዚያ የሚያልፍበት። ካርድ ውድ ነበርና ቆጥቡ እንባል ነበር። አንድ ጠዋት አብሮኝ የሚሠራ ታላቄ የሆነ ሰው አንዲት ካርድ በእጁ ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ሲያስገባ አየሁት። "ካሳ ዳምጤ፦ ጉዱ ካሳን ይመልከቱ" ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ምነው ካርድ አባከንክ ብለው፣ "ካሳ ዳምጤ ዋና ስሙ አይደል? በዋና ስሙ የሚጠራው ሰው ቢመጣስ?" አለኝ። ከዓመታት በኋላ መሳቢያውን ስከፍት የካርዷ አናት በጣት ብዛት ወይቦ፣ ጠርዟ እንደ ጨርቅ ለስልሶ አየኋት። ሰው ነክቷታል ማለት ነው።

ያቺ ካርድ ዛሬ ኦቶሪቲ የምንለው ናት። ሰው ይበልጥ የሚያውቀውን ስም ዋና አድርጊ፤ እሱም ጉዱ ካሳ ነው። ሌላውን ሁሉ ኦቶሪቲው ውስጥ ወደ ዋናው ስም በሚመራው መስክ፣ 400 ላይ ደርድሪው፦ ካሳ ዳምጤ፣ ጉዱ ካሣ በ"ሣ"፣ ተያይዞ የተጻፈውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሰው ናቸው። ልብ ወለድ ውስጥ ስለገቡ ሰውነታቸው አይቀርም። ቅንፍ አታድርጊባቸው። በታሪክ መጻሕፍቱ ላይ ያስገባሽበትን ስም እንዳለ ውሰጂና ከኋላው "ልብ ወለድ" የሚለውን ንዑስ ክፍል ቀጥዪበት። የብርሃኑ ዘሪሁንን የቴዎድሮስ ዕንባ የሚፈልግ ሰው ስለ መቅደላ የተጻፈውንም እዚያው ጎን ለጎን ያገኘዋል።

የአዳማው ወንድሜ፣ ስብሐትን አታስገባው። ካታሎገር ያየውን ይጽፋል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሲራክ ነው፣ ሲራክን ጻፍ። ስለ ሲራክና ስለ ስብሐት የተጻፈ ጥናት እጅህ ሲገባ ለጥናቱ ሁለቱንም ስጠው። በሰማነው ወሬ ሰው ስም ላይ መጽሐፍ መለጠፍ ከጀመርን ማቆሚያ የለውም።

520 ላይ መጻፉን አልነቅፍም። ግን መግለጫ ውስጥ ያለ ስም ያለ ጠባቂ የተተወ ስም ነው። አንዱ "ሰብለወንጌል" ይላል፣ ሌላው "ሰብለ"። የሚያስተሳስራቸው የለም።

ሲስተም ክፍል

ጋሼ የጻፉት ላይ የምጨምረው የማሽኑን በኩል ብቻ ነው። እኔ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ኮሃ ነው የማስተዳድረው።

የሐይቅ ዳሯ፣ 400 ላይ የቱንም ያህል ስም ብትደረድሪ ኮሃ በራሱ ፍለጋ ውስጥ ላያስገባው ይችላል። ሲስተም ፕሪፈረንስ (የኮሃ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ "ኢንክሉድ ሲ ፍሮም" ብሎ የሚጀምረውን አብሪው። ከዚያ ኢንዴክሱን (የፍለጋ ማውጫውን) ከሥር እንደገና አስገንቢው። ይኼ ካልተደረገ "ካሳ ዳምጤ" ብለሽ ስትፈልጊ መጽሐፉ አይመጣም። ብዙ ሰው ኦቶሪቲውን ለፍቶ ሞልቶ እዚህች ላይ ሲስተሙ አይሠራም ብሎ ይተወዋል።

የ"ጸ" እና የ"ፀ" ነገር ደግሞ አንድ በአንድ 400 ላይ በመጻፍ አያልቅም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ። ሰ እና ሠ አሉ። አ እና ዐ አሉ። "ኃይለማርያም" ብቻውን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቢው። ዜብራ (የኮሃ የፍለጋ ሞተር) ላይ ከሆናችሁ ኢንዴክሱ በአይሲዩ (የየቋንቋውን ፊደል በሚያስተናግደው መሣሪያ) የሚሠራ መሆኑን አረጋግጪ። በአይሲዩ ፋይሎች ውስጥ "ፀን እንደ ጸ ቁጠረው፣ ሠን እንደ ሰ ቁጠረው" የሚል ደንብ መጻፍ ይቻላል፣ ለሰባቱም ሆሄ። ሪከርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነካም፤ ደራሲው የጻፈው እንደተጻፈ ይታያል። የሚለወጠው ማሽኑ የሚያነጻጽርበት መንገድ ብቻ ነው። እኛ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን ጨረስነው። ሰኞ ጠዋት ተማሪ እንደፈለገ ጽፎ ያገኝ ጀመር።

ሰርቨሩን ሳትነኪ በፊት ባክአፕ ውሰጂ። አደራ።

የተረት መምህርት

እኔ ካታሎገር አይደለሁም፣ የንባብ ክበብ ነው የምመራው። ግን የልጆቹ ነገር ስለተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጆች መጽሐፍ የሚጠይቁት በባለታሪኩ ነው። "የአያ ጅቦን ስጪኝ" ነው የሚሉኝ። "የጦጢትን"። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ "የማሞ ቂሎን" ብሎኝ የምሰጠው ሳጣ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። መጽሐፉ ነበረን። የገባው "የኢትዮጵያ ተረቶች" በሚል ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ ስም ነው ወይስ እንስሳ? ማሞ ቂሎንስ ደራሲ የፈጠረው ገጸ ባሕርይ ልንለው እንችላለን? ሁላችንም ከእናቶቻችን ነው የሰማነው።

የሐይቅ ዳሯ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያቺን ካርድ ያጫወቱኝን ለሥራ ባልደረባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወዲያው ተነስታ የኛን የድሮ መሳቢያዎች መፈተሽ ጀመረች። እንዲህ ዓይነት ካርድ የሚጽፍ ሰው እኛም ጋ ነበር፤ ስድስት አገኘን።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። ፍቅር እስከ መቃብር ላይ አራት 600 አስገባሁ፦ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ጉዱ ካሳ። "ቦጋለ፣ በዛብህ" ጠፍቷል። ሲስተም ክፍል ያልከኝን ፕሪፈረንስ አበራሁት፤ ኢንዴክሱ እንደገና እስኪገነባ አመሸሁ። ከዚያ "ካሳ ዳምጤ" ብዬ ጻፍኩ። አራቱም ቅጂ መጣ። ብቻዬን ነበርኩ፣ እልል ማለት አማረኝ። የሆሄውን ደንብ ግን ብቻዬን አልደፈርኩም፤ የሚያግዘኝ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

የተረት መምህርት፣ ማሞ ቂሎን ስላነሳሽው ደስ አለኝ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተመው እኛ ጋ አለ። እሱ የመሠረተው ድርጅት እዚህ ሐዋሳ ውስጥ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭኖ ለልጆች ያዞር ነበር፤ ያኔ ያነበቡ ልጆች ዛሬ ወላጅ እየሆኑ ነው። ካታሎጋችን ላይ ግን ማሞ በስሙ አልነበረም። አሁን አለ። ቅንፉ ውስጥ ምን ልበል የሚለው ላይ ነው የቆምኩት።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አለቃ ገብረ ሃና! የቀልዶቻቸው ስብስብ ሦስት ዓይነት አለን። የመጀመሪያው ሪከርድ ተረት ብሎ ነው ያስቀመጣቸው፣ እንደ ማሞ ቂሎ። እኔም እንደዚያው ልተዋቸው ነበር። ከዚያ እጄ ዝም አለ።

የካርድ ዘመን

እጅሽ ዝም ማለቱ ጥሩ ነው። አለቃ ገብረ ሃና የነበሩ ሰው ናቸው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሊቅ፣ የአቋቋም መምህር። ተክሌ የሚባለው አቋቋም ከሳቸውና ከልጃቸው የመጣ ነው፤ ስሙም የልጃቸው ስም ነው። በስማቸው ከሚነገረው ቀልድ ስንቱን እሳቸው ራሳቸው እንደተናገሩት ማንም አይለየውም፣ ያ ግን ሰውነታቸውን አያስቀርም። ስለዚህ 600፣ የመጀመሪያው አመልካች 0፣ ያለ ቅንፍ፣ ከኋላው "አፈ ታሪክና ቀልድ"። መጽሐፎቹ መደርደሪያ ላይ በተረት ቁጥር፣ በ398.2 ይቀመጡ፣ ችግር የለውም። የመደርደሪያው ቁጥር ሌላ፣ ስሙ ሌላ ነው። "አለቃ"ን ከፊት አታድርጊው፤ በ"ገ" ይግባ፣ ማዕረጉ ከስሙ በኋላ ይምጣ። ከ"አለቃ ገብረ ሃና"፣ ከ"ገብረሃና"፣ ከ"ገብረ ሐና" ወደዚያ የሚመራ 400 ጻፊ።

ማሞ ቂሎን "(የተረት ገጸ ባሕርይ)" በዪው። ደራሲ አልፈጠረውምና ልብ ወለድ አትበዪው። የውጭዎቹም የአፈ ታሪኩን ከልብ ወለዱ ይለዩታል። አያ ጅቦ ላይ ግን ሁለት ነገር አድርጊ። 650 (የጉዳይ መስክ) ላይ "ጅቦች፦ ተረት" በዪ፣ ጅብ የሚፈልግ አለና። አያ ጅቦንም በስሙ አስገቢው። ልጆቹ ስም ሰጥተው ከጠሩት ስም ነው።

እኚያ አባት መጽሐፉን ሲመልሱ፣ የልጅ ልጃቸው የት ድረስ እንዳነበበችላቸው ጠይቂልኝ።

የሐይቅ ዳሯ (ሐዋሳ)

እሺ ጋሼ፣ እጠይቅልዎታለሁ። አለቃን አሁን ወደ "ገ" እያዛወርኳቸው ነው። እኚያ አባት ስልክ ደውለው የመጽሐፉን ጊዜ አንድ ሳምንት አስረዝመዋል፤ በዛብህ ገና ዲማ ነው ብለውኛል።